ሩቅ ሄዶ ስለሚደረግ ምሕረት

በገዛ ደጁ የሚለምን ድኻ ሳለ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን አገር ችግረኛ ሊያገለግል የሚሄድ ሰው ትሩፋት ሠርቷልን? ወይስ የቅርቡን ሸክም ሸሽቶ የሩቁን መምረጡ ነው? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በምዕራብ ሸዋም በዓይን የሚታይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ የደረሰ መንገደኛ የላዛሪስት ካህናት የሚያስተዳድሩትን፣ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ልጆችም የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያገኛል። ወደዚህም ቤት ባለፉት ዓመታት በክርስቲያናዊ ማኅበር የተላኩ የአውሮፓ ወጣቶች በክረምት ለጥቂት ሳምንታት እየመጡ ያለ ደመወዝ አገልግለዋል።

እነዚህ እንግዶች በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ አይደሉም፤ ይኸንንም መሸፈን አይገባም። ምጽዋትን ሃይማኖት ማስለወጫ አድርጎ የሚዘረጋ ቢኖር እርሱ ነጋዴ ነው እንጂ መጽዋች አይባልም። ዳሩ ግን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ አብነት አድርጎ ያቀረበለት በአምልኮ ከአይሁድ የተለየውን ሳምራዊ ነው። ሳምራዊውም በዚያች ቀን በቤቱ የነበረ ሰው አልነበረም፤ መንገደኛ ነበረ።

መምህራን ይህን ምሳሌ ሲተረጕሙ የእንግዶችን ማደሪያ በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ፣ ጠባቂውንም በካህናትና በመምህራን ይመስሉታል። ምሥጢሩ እንዲህ ከሆነ ንባቡ ደግሞ የሚነግረን አለ። ሳምራዊው ከቁስለኛው ጋር ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ በማግሥቱ መንገዱን ቀጠለ። ቁስሉ ግን በአንድ ሌሊት አልጠገገም። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ያጠበ፣ እህል ያቀረበ፣ ሌሊት ሲያቃስት መብራት ይዞ የተነሣ ያ ጠባቂ ነው። ስለ እርሱ የሚሰብክ ሰባኪ ጥቂት ነው! የሳምራዊውም ምሕረት በመሄዱ ያልጐደለው ጠባቂውን ንቆ ስላልሄደ ነው፤ ገንዘቡን ሰጠው፣ ቁስለኛውን ዐደራ አለው፣ ከዚህም በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ራሱን ባለዕዳ አደረገ።

ስለዚህ ለአንድ ክረምት የሚመጣውን አገልጋይ በቈይታው ማጠር መንቀፍ ፍርድን ማጣመም ነው። ለሚቀረው ሰው፣ ማለት ልጆቹን በጥቅምትም በመጋቢትም ለሚያስተምረው መምህር፣ ምን ትቶለት ሄደ ተብሎ ይጠየቅ። ከሕፃን ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሕፃኑን አስለምዶና አስለቅሶ የሚሄድ አለ፤ የመምህሩን ሥራ አቃልሎ፣ መምህሩም የማያውቀውን አሳውቆት፣ ከሄደ በኋላም በደብዳቤና በገንዘብ የሚያስብ አለ። ሁለቱ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ይህ እንግዳ አምቦ ሲደርስ አፋን ኦሮሞም አማርኛም አያውቅም፤ ከልጆቹ የምልክት ቋንቋ ፊትም እንደ ጨቅላ ነው። መስማት የተሳናት የ10 ዓመት ልጅ ጣቶቹን ይዛ ውኃና እንጀራ እንዴት እንደሚባል ታስተምረዋለች። ሊሰጥ የመጣ ሰው ተቀባይ መሆኑን በዚህ ያውቃል፤ ይህን ትሕትና ሳያገኝ የተመለሰ ድካሙ ከንቱ ነው ባይባልም ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። የቅርቡን ሸሽቶ መጥቶ እንደ ሆነም የሚታወቀው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ በአገሩ ያለውን መስማት የተሳነ ጎረቤቱን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ከሆነ የአምቦ ጉዞው ሽርሽር ነበረ።

እንግዳ ሆኖ መጥቶ የማደሪያው ጠባቂ የሆነም አለ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ፣ ተስዓቱ ቅዱሳንም ከልዩ ልዩ አገር መጥተው ቋንቋችንን ተምረው የእኛ ሆነው ቀርተዋል። በዘመናችንም ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ክርስቲያን ባልና ሚስት ከአውስትራልያ በ1951 ዓ.ም. የመጡት ለ3 ዓመት ውል፣ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያስተምሩ ነበረ። በወሊድ ምጥ ተጐድተው በፊስቱላ የሚሠቃዩትን፣ ከቤተ ሰብም የተገለሉትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ውሉን ረሱት፤ ባል በ1985 ዓ.ም.፣ ሚስትም መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ አገር ዐረፉ። ከሥራቸው ሁሉ ለዚህ ነገር የሚስማማው ግን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። እርስዋ በሽተኛ ሆና ወደ እነርሱ መጥታ፣ የፊደል ትምህርት ሳይኖራት ከአጠገባቸው ቆማ እያየች ቀዶ ሕክምናን ተምራ፣ ብዙ ሴቶችን በገዛ እጅዋ አክማለች። ቁስለኛዋ ራስዋ የማደሪያው ጠባቂ ሆነች።

ይህን ሁሉ ብለን በእንግዳው ላይ ብቻ ብናተኩር ካህኑንና ሌዋዊውን መዝለል ይሆንብናል። የአብነት ትምህርት ቤታችን ለዓይነ ስውር በሩን ዘግቶ አያውቅም፤ ትምህርቱ በቃል የሚሄድ ስለ ሆነ ዳዊቱን በቃሉ ይዞ፣ ዜማውን ዘልቆ፣ መሪጌታ እስከ መሆን የደረሰ ዓይነ ስውር ብዙ ነው። ነገር ግን ያው የቃል ትምህርት መስማት ለተሳነው ልጅ የተዘጋ በር ሆነበት። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 መስማት የተሳነውን ሰው ሲፈውስ ከሕዝቡ ለይቶ ጣቱን በጆሮው አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይም ተመለከተ፤ ድምፅ ለማይሰማ ሰው አስቀድሞ በሚታይ ነገር ተናገረው። በጉደር ወይም በጌዶ ያለ የንስሓ አባትስ መስማት የተሳነው የመንፈስ ልጁ ሊናዘዝ ቢመጣ በምን ቋንቋ ይቀበለዋል? እናቱ መካከል ገብታ ታስተርጕምለት? የኑዛዜ ምሥጢርስ ወዴት ይገባል?

ከየወረዳው አንድ ዲያቆን መርጦ የምልክት ቋንቋ እንዲማር መላክ ለሰበካ ጉባኤ ከባድ ወጪ አይሆንም። ከጉደር አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።