ዝምታ ማታለል ይሆናልን?

ሰው ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ፥ ያው ቤት እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያወጣ እንደ ነበር የሰማ እንደ ሆነ፥ ካፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «በሉኝ» የሚል ነው። ገዢውን፥ ደላላውን፥ ገማቹን፥ ውል ጻፊውን ሁሉ ባንድ ከረጢት ይከታቸዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ክስ በደለኛውን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም እላለሁ። ሁሉም ሌባ ከተባለ፥ በውነት የሰረቀው በመካከላቸው ተሸሽጎ ያልፋልና። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ዋጋውን እያወቀ ዝም ያለው ማን ነው? ያስ ሰው የመናገር ግዴታ ነበረበትን? የሚለው ነው።

ከገዢው እንጀምር። ነገሩ አዲስ አይደለም። የሮማው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ይህነኑ መርምሮታል። ሮድስ በምትባል ደሴት ረኃብ በገባ ጊዜ አንድ ነጋዴ እህል ጭኖ ደረሰ፤ ሌሎችም መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይህን ለተራቡት ይንገራቸውን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥላቸው? የባቢሎኑ ዲዮጋን መደበቅና አለመናገር አንድ አይደለም ሲል፥ የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ሁሉ መገለጥ አለበት ብሎ ተከራክሯል። ሲሴሮ ከሁለተኛው ጋር ቆመ። ደግሞም ስካይቮላ የተባለ ሰው ርስት ሊገዛ ሄዶ፥ ሻጩ ዋጋውን ቢነግረው፥ «እኔ ከዚህ ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ» ብሎ 100,000 ሴስተርስ ጨምሮ እንደ ከፈለው ይተርካል። ሰዎች ይህን የደግ ሰው ሥራ ነው ቢሉም የብልህ ሥራ ነው አላሉትም።

እኔ ስካይቮላን አደንቀዋለሁ፤ ዳሩ ግን ገዢ ሁሉ ስካይቮላ ይሁን ብዬ መፍረድ አልችልም። ገዢ በግልጥ ከሻጩ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ነው። ዋጋ ሊያስቀንስ እንደ መጣ ሻጩ ያውቃል፤ ይጠነቀቅበታልም። ሐሰት እስካልተናገረ ድረስ ዝምታው ንፉግነት ነው ቢባል ነው እንጂ ስርቆት አይባልም።

ደላላው ግን ሌላ ነው። ሰው ወደ ደላላ የሚሄደው ገበያውን ራሱ ማየት ስላልቻለ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጠውም በርሱ ዓይን ለማየት ነው። አክስቴ በጉለሌ የነበራቸውን ቤት በግንቦት 2009 ዓ.ም. በ2,600,000 ብር ሸጡ። ግድግዳው ጭቃ፥ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ደላላው «እትዬ፥ ይህ እኮ ጭቃ ቤት ነው፤ ክረምት ሳይገባ ይሽጡት» እያለ ይመክራቸው ነበር። በቃሉ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ቤቱ ጭቃ ነበረ። ነገር ግን በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው ጭቃውን አይገዛም። በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ በውሉ ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ብቻ ነው፤ ገዢው ግን ገንዘቡን የሚቈጥረው ለቦታው ስፋትና ለመንገዱ ቅርበት ነው። ይህን ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። አክስቴ ግድግዳቸውን ሲቈጥሩ፥ ደላላው ቦታውን ይቈጥር ነበር። እውነት እየተናገረ አሳሳታቸው፤ እኔም ከሐሰት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ የሚያዝበት ጫፍ የለውምና።

ደላላው «እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን መቀበል የታወቀ ልማድ ነው፤ ስለ ታወቀም አልነቅፈውም። ዋጋ የመከረ ሰው ግን ወገን ለይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል የሆነ ሰው ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፥ ወካዩ ሳያውቅም ከነገሩ የግል ጥቅም እንዳያገኝ ያዛል። ደላላ በሕግ ፊት ወኪል ይባል አይባል የዳኞች ነገር ነው። በኅሊና ፊት ግን የምክሩን ዋጋ የተቀበለ ሁሉ ወኪል ነው።

እንግዲህ አክስቴ ተታለዋልን? ያው ቤት በአምስተኛው ወር በ4,000,000 ብር ተሸጠ፤ ሁለተኛውንም ገዢ ያመጣው ያው ደላላ ነው። ዘመድ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ፈረደ። ሆኖም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ከመቶ 15 ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ቤትና ወደ ቦታ ይሮጣል። ከልዩነቱ ምን ያህሉ ከዚህ፥ ምን ያህሉ ከደላላው እንደ መጣ ቍጥሩ ብቻውን አይናገርም። ዋጋ አነሰ ማለትና ተሰረቀ ማለት ሁለት ነገር ነው።

የጥንት ሕጎች ይህን በልክ ሊቈርጡት ሞክረዋል። ከእኩሌታ ዋጋ በታች የሸጠ ሰው ሽያጩን ማፍረስ ይችላል የሚለው ደንብ የዲዮቅልጥያኖስ ነው ይባላል፤ እኛ በስንክሳር ሰማዕታትን በማስፈጀት የምናውቀው ንጉሥ ስለ ተጐዳ ሻጭ ማሰቡ ያስገርማል። ፈረንሳዮች በ1804 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከአሥራ ሁለት እጅ ከሰባት በላይ ለተጐዳው ፈቀዱ። የእኛ ሕግ ግን ቍጥር አልወሰነም፤ የሻጩ ችግር፥ የዋህነት፥ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት መሣሪያ ተደርጎበት እንደ ሆነ ይመለከታል። ይህ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ከዋጋው ይልቅ ሰውየውን ያያልና። ክሱም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል።

በዚህ ላይ በአገራችን አንድ ቤት ብዙ ዋጋ አለው። ባንክ ለብድር መያዣ የሚገምተው አለ፥ ማዘጋጃ ቤት ለግብር የሚገምተው አለ፥ ገበያው አለ፤ ከነዚህ ሌላ ደግሞ ሻጭና ገዢ ግብር እንዲቀል ተስማምተው በውሉ የሚጽፉት አለ። የአክስቴ ውል 1,200,000 ብር ይላል። ይህንንም የመከራቸው ደላላው ነው፤ የፈረሙት ግን እርሳቸው ናቸው። ወደ ዳኛ ቢሄዱ በእጃቸው ያለው ወረቀት አስቀድሞ ራሳቸውን ይከሳቸዋል። መንግሥትን ለማታለል አብሮህ የሚፈርም ባለሙያ ነገ አንተን ለማታለል ከሌላው ጋር የማይፈርምበት ምክንያት አይታየኝም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የውርስ ቤት ለመሸጥ ገና የምትፈርመው አንተ ነህና፥ ይህን ለአክስቴ ሳይሆን ላንተ ጻፍሁት።

ጎረቤት እኩሌታው «ዕድልዎ ነው፥ ይተዉት» አላቸው፤ እኩሌታው ሌባነቱን በየቡናው አወራ። ሁለቱም ምክር ከመጠየቅ የሚያድን ስንፍና ነው። አክስቴ ሁለቱንም አልሰሙም። ነጠላቸውን ለብሰው ደላላው ከሚቀመጥበት ቡና ቤት ሄዱና ሁለት ነገር ጠየቁት። ከእኔ ሽያጭ ስንት አገኘህ? ከእኔና ከገዢው ኮሚሽን ሌላስ ከማን ተቀበልህ? አሉት። ለመጀመሪያው ከነሳንቲሙ መለሰላቸው። ለሁለተኛው «እትዬ፥ የድሮ ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለና ስልኩን አነሣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ሌባ ነው አይሉም፥ ዕድሌ ነው አይሉም። «ከማን እንደ ተቀበለ ጠየቅሁት፤ አልመለሰልኝም» ይላሉ።