መጠርጠር እና መፍረድ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ልክ ነው። ግን ከጠረጠርን በኋላስ? ለዚህ ጥሩ መልስ ያገኘሁት ፖከር ውስጥ ነው።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል። ከ52ቱ ካርታ 1,326 የተለያዩ ጥንዶች ሊወጡ ይችላሉ፤ ሁለት አስ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው። አንድ አስ ጠረጴዛው ላይ ከተገለጠ 6ቱ ወደ 3 ይወርዳሉ። ጎበዝ ተጫዋች «ሰውዬው አስ ይዟል» ብሎ አይደመድምም። ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ በሐሳቡ ይደረድርና ሰውዬው ብር በጨመረ ቁጥር የማያስኬደውን ይሰርዛል።

የመጨረሻው ዙር ነው እንበል። መሃል ላይ 100 ዶላር አለ፤ ሰውዬው 100 ጨመረ። እኔ 100 ከፍዬ 200 ላገኝ ነው። ስለዚህ ከ3 አንዴ በባዶ እጁ እያስፈራራኝ ከሆነ አልከስርም። «ሳይበልጠኝ አይቀርም» እያልኩም መክፈሌ ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዕድሉ ከዚያ ካነሰ ካርታዬን ጥዬ እወጣለሁ። ስወጣ ግን ምን እንደያዘ አላወቅኩም፤ የማሳየት ግዴታም የለበትም።

በኑሯችን ይህቺን እንረሳለን። ብር ተበድሮ ስልክ የማያነሳ ጓደኛ ታሞ ይሆናል፣ አፍሮ ይሆናል፣ ሊክደን አስቦም ይሆናል። ሁለተኛ አለማበደር መብታችን ነው። «ሌባ ነው» ብሎ ማውራት ግን ያላዩትን ካርታ አየሁ ማለት ነው። ራስን ለመጠበቅ እርግጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ ሰውን ሌባ ለማለት ግን ያስፈልጋል።