ወጣቱ አንባቢና የሽማግሌው ጥያቄ

ነሐሴ በደጀን የጉም ወር ነው። ከከተማዋ ጥግ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ጠዋት ጠዋት በጉም ይሞላል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚጠማዘዘው የአዲስ አበባ መንገድም ከጥቂት ርምጃ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከአረምና ከከብት ጥበቃ የተረፈው ጊዜ ለንባብ የሚበቃ ነው። አንድ የደጀን ወጣት በዚህ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ልብ ወለዶችን ከዳር እስከ ዳር አነበበ እንበል፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ና የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ»። ሦስቱም ደራስያን የጎጃም ተወላጆች ናቸው።

ወሩ ሲያልቅ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዱ «ከሁሉ የትኛውን ወደድህ?» ብለው ቢጠይቁት ወጣቱ ሳያመነታ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ «ምን ተማርህበት?» በዚህ ጊዜ ወጣቱ ዝም ይላል። ለመሆኑ ይህ ዝምታ ምንድን ነው? መጽሐፉ ስሜቱን ቀስቅሶ አእምሮውን ባዶ ለመተዉ ማስረጃ ነውን? ወይስ ጉድለቱ ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው ነው?

የሽማግሌው ጥያቄ ሥር የሰደደ ነው። በእሳት ዳር የሚነገረው ተረት ምክር አስከትሎ ያልቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ሲያሳትሙ፣ ኋላም ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ለተማሪዎች ሲያቀርቡ፣ ለልጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ልጁን ማነጽ አለበት ከሚለው እምነት ተነሥተው ነበር። እምነቱ የኢትዮጵያውያን ብቻም አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን በምናቡ ባቋቋመው መንግሥት ውስጥ ለሕፃናት የሚነገሩት ተረቶች በቅድሚያ እንዲመረመሩ ጠይቆ ነበር። ጀርመናዊው ጎተ በፍቅር ተስፋ ቆርጦ ራሱን ስለሚያጠፋ ወጣት የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1774 በወጣ በዓመቱ፣ የላይፕሲግ ከተማ ሹማምንት ወጣቶች የባለታሪኩን አርአያ ይከተላሉ ብለው በመስጋት መጽሐፉን አግደውታል።

ይህን ስጋት በፌዝ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ወጣት የኑሮን ክብደት የሚመዝንበት ሚዛን ገና አልሞላለትም። ዐዋቂ ሰው በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ የሚያየውን ኀዘን ካለፈበት ሌላ ኀዘን ጋር አስተያይቶ ቦታ ይሰጠዋል፤ ለወጣቱ ግን ያ ኀዘን የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሥነ ምግባር ጥያቄው እንዲህ ይቀርባል፤ ሕይወትን ገና ለሚጀምር ሰው ተስፋ የተቀበረበትን መጽሐፍ መስጠት ተገቢ ነውን?

ሁለቱን የፍቅር ታሪኮች ማነጻጸር ጥያቄውን ግልጽ ያደርገዋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ወጣት ናት። ድርሰቱ በደስታና በጋብቻ ይፈጸማል፤ የተበተነው ይሰበሰባል፣ የተበደለው ይካሳል። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ለአንባቢው ይህን ካሣ ነፍጎታል። ሰብለ ወንጌልም እንደ ጦቢያ ማንነቷን ሰውራ ከቤቷ ትወጣለች፤ የምትደርሰው ግን በዛብህ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። የደጀኑ ወጣት ከሁለቱ የወደደው ያስደሰተውን ሳይሆን ያስለቀሰውን ነው።

የወደደበት ምክንያት አንዱ ቅርበት ነው። ሰብለ ወንጌል ያደገችባት ዲማ በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ናት፤ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሲሰደድ የተሻገረው ዓባይም ከደጀን ገደል በታች የሚፈሰው ያው ወንዝ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከቅርበት ያልፋል። በዛብህን የጎዳው ማን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ ሳይጠየቅ መንገዱ ተመርጦለታል። ሰብለ ወንጌልንም አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል የለም እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ ዕድሜዋ አልፏል። ሁለቱ ወጣቶች የተገናኙት እርሱ መምህሯ ሆኖ በተቀጠረበት ቤት ነው፤ የተለያዩትም ሌሎች አስቀድመው በወሰኑላቸው ውሳኔ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ጠያቂው ይመለሳል። ሽማግሌ ለወጣት የሚሆነውን መርጦ የማይሆነውን ሊሰውር ይገባል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለመሰወር የታሰበው መጽሐፍ ራሱ ሽማግሎች ለወጣቶች ስለመረጡት ሕይወት የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ወጣቱም ያለቀሰው ይህን በስሜቱ ስለተረዳው ነው።

ይህ ከሆነ ወጣቱ ከመጽሐፉ የሚያገኘው ለወላጅ ጥላቻን ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በድርሰቱ ውስጥ አለ። የበዛብህ ወላጆች ክፉዎች አይደሉም። ስለቱን የተሳሉት ልጃቸውን ስለሚወዱና ሞት እንዳይነጥቃቸው ስለፈሩ ነው። ከክፋት የሚመጣን በደል ማንኛውም የምክር መጽሐፍ ሊነግር ይችላል፤ ከፍቅር የሚመጣን በደል ለማሳየት ግን እናትንና አባትን በሙሉ ሰውነታቸው፣ ከነርኅራኄያቸውና ከነስሕተታቸው፣ ማቅረብ ያስፈልጋል። ወጣቱ «ምን ተማርህበት?» ሲባል ዝም ያለው ያየው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አልገባ ስላለው ነው።

ይሁንና «ወደድሁት» ማለት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ሰው የሚያሞካሸውን፣ ስንፍናውን የሚያባብልለትን መጽሐፍም ሊወድ ይችላል። በ«አንድ ለናቱ» ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስን ጀግንነት ብቻ ወድዶ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለብቻቸው የቀሩበትን ምክንያት ያልመረመረ አንባቢ የወደደው የንጉሡን ጥላ ነው። ስለዚህ ወጣቱም ግዴታ አለበት፤ የወደደውን ነገር ለይቶ የማወቅና ለፍቅሩ ምክንያት የመስጠት ግዴታ። ሽማግሌው ሊረዳው የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ እርዳታ አብነት የሚሆን ሰው በዚያው በልብ ወለዱ ውስጥ አለ፤ ጉዱ ካሣ። በዕድሜ የበሰለ፣ ልማድን የሚጠይቅና ስለጠየቀም እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው። ለወጣቶቹ መንገድ አልመረጠላቸውም፤ በመረጡት መንገድ ከጎናቸው ቆመ እንጂ። መቆሙ ከሞት አላዳናቸውም። ንባብም እንዲሁ ማንንም ከመከራ አያድን ይሆናል። ሆኖም በድርሰቱ ውስጥ ካሉት ሽማግሎች ሁሉ ወጣቱ አንባቢ የሚያምነው እርሱን ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ኤስ. ኢ. ሂንተን የተባለች ደራሲ ገና በ18 ዓመቷ ልብ ወለድ ካሳተመች ወዲህ፣ ለወጣቶች የሚጻፉ ልብ ወለዶች የራሳቸው መደርደሪያ እያገኙ መጥተዋል። ወጣት ስለ ወጣት መጻፉ መልካም ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ስለ ወጣቶች ቢጻፍም የታተመው ደራሲው በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳሉ ነው፤ አርበኝነትንና በኢጣልያ እስር ቤት መማቀቅን ያዩ ሰው ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውም ፊደል የቆጠረውና ያልቆጠረው፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ በአንድነት አዳምጠውታል። መደርደሪያ የማይለያየው መጽሐፍ ለሽማግሌና ለወጣት የጋራ ሸንጎ ይሆናል።

እንግዲህ የሁለቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ሊስተካከል ይገባል። «ምን ተማርህበት?» ከሚለው አስቀድሞ «ምኑን ወደድኸው?» የሚለው ይምጣ፤ ትምህርቱ የሚገኘው ከዚህ መልስ ውስጥ ነውና። ጥያቄውን ለማቅረብ ግን መጽሐፉን ማንበብ የግድ ነው። ያላነበቡትን መጽሐፍ ለሌላ መፍቀድም ሆነ መከልከል፣ ሳይጠይቁ ስለት እንደመሳል ነው። ያነበበ ሽማግሌ ደግሞ ከወጣቱ የሚመለስለትን ጥያቄ ለመቀበል ይዘጋጅ፤ «እርስዎስ ጋሼ፣ ምኑን ወደዱት?»