ባሕሩ ጨው፣ ዓሣው አልጫ

 

«ምን ላድርግ? የምውልበት ቦታ ነው እንዲህ ያደረገኝ።» ይህችን ቃል ከጓደኛ ሰምተናታል፤ ለራሳችንም ብለናታል። ቦታ ምክንያት ይሆናል ወይ? እስቲ ዛሬ ዓሣን እንይ።

የቀይ ባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 40 ግራም አካባቢ ጨው አለው። እዚያው የሚኖረው ዓሣ የሰውነቱ ፈሳሽ ግን ጨውነቱ የዚያ ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ሱብሃነላህ! ይህን ስንሰማ ዓሣው በሩን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ይመስለናል። አይደለም፤ ያንኑ ጨዋማ ውሃ ይጠጣል። ባሕሩ በስሱ ስንጥቡ በኩል ውሃውን ስለሚመጥበት፣ ካልጠጣ በውሃ መሃል ደርቆ ይሞታል። ከጠጣው ውሃውን ያስቀራል፤ ጨዉን ደግሞ ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሴሎች መልሰው ወደ ባሕሩ ያስወጡታል። ሥራው ጉልበት ይበላል፣ እረፍትም የለውም። የሞተ ዓሣ ግን ጨው ሲነሰነስበት ዝም ብሎ ይቀበላል።

(ይህ ሐራም ለመቅመስ ፈቃድ አይደለም! ዓሣው የሚጠጣው ግድ ሆኖበት ነው።)

ስለዚህ «እኔን ምንም አይነካኝም» የሚለውም ተሳስቷል። ይነካል። ጥያቄው የገባውን ማስወጣቱ ላይ ነው፤ ዓይናችሁ ያየውን፣ ጆሯችሁ የሰማውን ማታ በኢስቲግፋር ታወጡታላችሁ ወይስ ታሳድሩታላችሁ? ዓሣው ምርጫ ስለሌለው አይጠየቅም። እኛ እንጠየቃለን።

የጣና ቆሮሶስ? የእሱ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ጣፋጩ ውሃ ሳይጠራ ይገባበታል፣ ያለችው ጨው ደግሞ ታመልጠዋለች። ስለዚህ ቀጭን ሽንት አብዝቶ ይሸናል፣ ጨውን በስንጥቡ ለቅሞ ያስገባል። ምቾትም ሰውን ሳያሳምም ያሟሟል፤ ለእኔ ይኸኛው ይበልጥ ያስፈራኛል።

ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ገና ወንዝ ውስጥ እያለ፣ ባሕሩን ሳይቀምስ፣ ስንጥቡ ጨው ለማስወጣት መዘጋጀት ይጀምራል። ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለዓረብ አገር ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ ልብ በሉልኝ፤ «ሶላቴን እዚያ ስደርስ አስተካክላለሁ» ማለት ባሕር ከገቡ በኋላ ስንጥብ ፍለጋ ነው።

በሱረቱ ፋጢር 12ኛው አያ ላይ አላህ ጣፋጩንና ጨዋማውን ባሕር አንስቶ ከሁለቱም ትኩስ ሥጋ እንደምንበላ ይነግረናል። ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ ደግሞ፣ የሙሳ (ዐ.ሰ) ዓሣ መንገዱን ወደ ባሕር የያዘበት ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። እዚያም የተነሳው ቦታ የሁለት ባሕሮች መገናኛ ነው።