ቀን ያልተቆረጠለት ውል

ልጆቼ፣ በጋዝጊብላም ሆነ በሰቆጣ ከተማ፣ ክንፍ ያለው ጎልማሳና ጦር የያዘች ወጣት የሚዋደዱበትን ልብ ወለድ ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱ ታላላቆቻችሁ ፊታቸውን ያጠቁሩ ይሆናል። እኔ አንብቡ ነው የምለው፤ ዐይናችሁ ግን ክንፉ ላይ አይቅር፣ ውሉን ይከተል። ፌይ የሚባሉት ዕድሜያቸው የማያልቅ ረቂቃን ከሰው ጋር የሚገናኙት በውል ነውና።

ሳራ ጄ ማስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችውን «የእሾህና የጽጌረዳ ቤተ መንግሥት» እንውሰድ። ፌይራ አድና ቤተሰቧን የምታበላ የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ማንበብ ግን አትችልም። የምትወደውን ፌይ ታምሊንንና ወገኖቹን ከንግሥት አማራንታ ለማስለቀቅ ሦስት ፈተና ልትፈተን ትዋዋላለች። በሁለተኛው ፈተና ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አቅቷት፣ የጋለ የብረት እሾህ ከላይ እየወረደባት ትቆማለች። ሦስቱንም ከተወጣች በኋላ ደግሞ አማራንታ ተስማማን እንጂ መቼ እንደምለቃቸው አልተነጋገርንም ትላታለች። የሰማንያ ውል የሚያስጽፉ ሽማግሌዎቻችን ይህ አያመልጣቸውም፤ ጥሎሹ፣ የሠርጉ ቀንና ዋሱ ተለይተው ሳይጠሩ ከተቀመጡበት አይነሡም።

ነገሩ ባዕድ ነው፣ የመናፍስት ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ስለ ዛር አመጣጥ የሚተረተውን ግን አስቡ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ውብ ውቦቹን 15 ደበቀች፤ እነሱም እንደተሰወሩ ቀሩ። የአይስላንድ ሰዎችም «ስውር ሕዝብ» የሚሏቸው የተወለዱት ሔዋን ሳታጥባቸው ከደበቀቻቸው ልጆች ነው ይላሉ። ሰው በሌላው ቃል መታሰሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ስለቱን ተሸክሞ የኖረው ግን እሱ።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት የሚያስገድድን ወንድ ያሳምራሉ ይባላል። እውነት አለው። ከ500 ዓመት በላይ የኖረው ሌላው ፌይ ሪሳንድ ፌይራን የፌይ ወይን እያጠጣ፣ ዕርቃኗን በማይሸፍን ልብስ ሕዝብ ፊት ያስጨፍራታል፤ ኋላ ሊጠብቃት ብሎ እንደሆነ ይነገረናል፤ አንባቢም ይቅር ይለዋል። እኔ አልልም። ምክንያት ኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ፈቃድ ግን የሚጠየቀው አስቀድሞ ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ታምሊን ፌይራን ቤት ውስጥ ሲዘጋባት ደራሲዋ ራሷ ትፈርድበታለች፤ ልጅቷም ጥላው ትሄዳለች። እንግዲህ ታምሊን የተለካበትን መስፈሪያ ቆንጆው ሪሳንድም ይለካበት። ልብ ወለድ ነው፣ ምን ያደርጋል አትበሉ፤ ሰው የሚመኘውን የሚለማመደው በሚወደው ታሪክ ነው። የመኝታ ገጾቹ ግልጽ ስለሆኑ ግን 18 ያልሞላችሁ ቆዩ፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ለጋብቻ የሚጠይቀው ይህንኑ ዕድሜና የሁለቱን ነጻ ፈቃድ ነው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስትጨርሱ ወደ ውሉ ገጽ ተመለሱ። አማራንታ እንቆቅልሽም ጨምራ ነበር፤ መልሱ ፍቅር ነው። እንቆቅልሹን ለፈታች «ወዲያውኑ» የሚል ቃል ገብታለች። ለሦስቱ ፈተናዎች አልገባችም።