ልጃችን የጥንት ታሪክ ልማር ስትል

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ቢቱዋህ ሌኡሚ ቅጾች፣ ስለ ኡልፓን ምዝገባና ስለ ቤት መግዣ ብድር ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው በሥራችን ላይ ገጥሞን መልሱን በማናቸውም መመሪያ ውስጥ ፈልገን ያጣነው ነው። ጽሑፉ በዕብራይስጡ ገጽም ስለወጣ አማርኛ የማያነቡ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ቢያነቡት ደስ ይለናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባት ወደ ቢሮአችን መጡ። ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ፤ ባለቤታቸው በጽዳት ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤታቸውን የገዙት በማሽካንታ ነው። የገንዘብ ችግር ያመጣቸው መስሎን ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር እንድታስረጂኝ ነው የመጣሁት» አሉን። «ሴት ልጄ ሦስት ዓመት ተምራ ዲግሪዋን ያዘች። ደስ ብሎኝ በግ አረድሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ልጨምር አለችኝ። ምን ልትማሪ ነው ብላት፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች የጻፉትን አለችኝ። የሙታን ወሬ ማሽካንታ ይከፍላል?»

አነጋገራቸው ሊያስቀን ምንም አልቀረው። ዓይናቸውን ስናይ ግን ሳቃችንን ዋጥነው፤ ሰውየው የመጡት ለቀልድ አልነበረም።

ልጅቷ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በታሪክ ነው የያዘችው። በሁለተኛው ዲግሪ የግሪክንና የሮምን ዘመን ለማጥናት ትፈልጋለች። ይህም ማለት ታሪኩን ብቻ ሳይሆን የጥንቱን ግሪክኛና ላቲን ከፊደሉ ጀምሮ መማር ማለት ነው። ጓደኞቿ ነርስ ሆነዋል፣ ኮምፒዩተር ተምረዋል፤ የእነርሱ ደመወዝ ከወር እስከ ወር የታወቀ ነው።

በመጀመሪያ የአባትየውን ነገር በቅንነት እንመልከተው። ትምህርት ለራሱ ሲባል የተከበረ ነው፣ በገንዘብ አይለካም የሚሉ ሰዎች አሉ። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን (ይህን በመናገራችን ቅር የሚለው ቢኖርም) እንዲህ ሲሉ ከሰማናቸው መካከል ብዙዎቹ ቤታቸውን ከወላጆቻቸው የወረሱ ናቸው። የማስተርስ ትምህርት በዓመት ከ10,000 ሸቅል በላይ ያስከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ዓመት ይፈጃል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ልጅቷ ሙሉ ቀን ሠርታ ልታገኝ የምትችለውን ደመወዝ ስንጨምርበት አባትየው ያዩት ጉድጓድ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይገባናል። ስለዚህ ኋላ ቀር ናቸው፣ ትምህርት አይገባቸውም ብለን ልናልፋቸው አንችልም።

እኛም የምንናዘዘው ነገር አለን። ወደዚህ አገር የገባነው በ1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ነው። እዚሁ ቤር ሼቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ልንመዘገብ በሄድንበት ጊዜ ልባችን የነበረው ታሪክ ላይ ነበር። የጻፍነው ግን ማኅበራዊ ሥራ ብለን ነው። በሥራችን አንጸጸትም፤ እንወደዋለን። ማንም አላስገደደንም። ሆኖም ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። ድሃ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሱን ያውቀዋል።

እንግዲህ ልጅ ለወላጁ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? በአገራችን ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። ወላጆቻችን ጎንደርን፣ ከብታቸውንና መሬታቸውን ትተው፣ ገሚሱ በሱዳን በረሃ በእግሩ ተጉዞ፣ ገሚሱ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት ዓመታት ጠብቆ ነው ልጆቹን እዚህ ያደረሰው። ይህ የሚረሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ብድርና ውለታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉናል። ብድር ይቆጠራል፤ ማሽካንታው በየወሩ ስንት እንደሆነ ባንኩ ያውቃል። ውለታ አይቆጠርም፤ ቆጥሮ ያስከፈለ ሰው ውለታውን ራሱ ወደ ብድር ለወጠው ማለት ነው። ከዚህ በመነሣት እንዲህ ብለን አሰብን፦ ልጅቷ ወላጆቿ ሲወድቁ ዝም ብላ ልታይ አይገባትም፤ ከምታገኘው ለቤቱ ማካፈል አለባት። አእምሮዋ የሚሄድበትን መንገድ ግን ወላጆቿ በውለታ ስም ሊይዙት አይችሉም።

ለዚህም ቢሆን ወሰን አለው። በእርሷ ትምህርት ምክንያት ታናሽ ወንድሟ ትምህርቱን ትቶ ሥራ የሚገባ ቢሆን ኖሮ፣ «ቆይ፣ ጠብቂ» ባልናት ነበር። ግሪክኛ የትም አይሄድም፤ የአንድ ልጅ ባግሩት ግን ጊዜው ካለፈ መመለሱ ከባድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የገንዘብ ነበር። ልጅቷን ራሷን ካነጋገርናት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ በዚህኛው ላይ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ልንረዳት ብለን፣ «የጥንት ታሪክ ከወደድሽ ለምን ግዕዝ አትማሪም? የእኛን ኦሪት፣ የቄሶቻችንን መጻሕፍት ብታጠኚ አባትሽም ይደሰታሉ፣ ለኅብረተሰባችንም ይጠቅማል» አልናት። ምክራችን ባዶ አልነበረም። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ «የኦሪት ጠባቂዎች» የተባለ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተከፍቶ፣ ከኅብረተሰባችን የወጡ ተማሪዎች ኦሪትን ከቄሶች የቃል ትርጓሜ ጋር አጥንተውበታል። በ2023 ዩኒቨርሲቲው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑ ሁለት የኦሪት የብራና መጻሕፍት በዚሁ ሥራ እንደተገኙ ገልጿል። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክና የዕብራይስጥ ቅጂዎቻቸው ቁርጥራጮች ናቸው፤ ስለዚህ የኩምራንን ጥቅልሎች የሚያጠና ሊቅ ግዕዝን ችላ ሊል አይችልም። ይህን ሁሉ ነገርናት።

ልጅቷ በትሕትና አዳመጠችን። ከዚያም፣ «ከእኔ ጋር የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ አያቶቹ ከፖላንድ የመጡ ናቸው። ስለ ሮም ሲጽፍ ለምን ስለ ፖላንድ አትጽፍም ያለው ሰው የለም። እኔን ግን ሁሉም ሰው ወደ ኢትዮጵያ ይመልሰኛል። እናንተም» አለችን።

ያቺ «እናንተም» የምትለዋ ቃል ወጋችን።

እውነቷን ነው። ስደተኛ ልጅ የራሱን አባቶች ታሪክ ቢያጠና ይመሰገናል። የሌላውን ሲነካ ግን ሰው ይገረማል፤ የዓለም ታሪክ ለባለቤቶቹ የተከፋፈለ የእርሻ መሬት፣ ለእኛም በጠርዙ ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ የደረሰችን ይመስል። ክብራችንን ለመጠበቅ ብለን የምንናገረው ነገር እንኳ አጥር ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም ነበር።

ለመሆኑ የጥንቶቹ ሰዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ አጥር ነበራቸው? ከከተማችን በስተደቡብ ምዕራብ፣ በግብፅ ድንበር አጠገብ ኒጻና የሚባል የፈረሰ ጥንታዊ ከተማ አለ። በ1930ዎቹ አርኪኦሎጂስቶች ሲቆፍሩት ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑ የፓፒረስ ጽሑፎች አገኙ። አብዛኞቹ የኑሮ ወረቀቶች ናቸው፦ የጋብቻ ውል፣ የብድር ውል፣ የግብር ደረሰኝ። (እኛ ቢሮ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ብዙም አይለዩም።) ከእነዚህ ጋር ግን የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ሥራ የሆነው የአኔይድ ክፍል ተገኘ፤ ከእርሱም ጋር የቃላት ዝርዝር፣ በአንድ በኩል የላቲኑ ቃል፣ ከጎኑ የግሪክኛ ፍቺው። ይህ ሁሉ በኔጌቭ በረሃ ነው። በሰነዶቹ ላይ ከሚታዩት ስሞች ብዙዎቹ የዚሁ የበረሃ ሕዝብ ስሞች ናቸው፤ በየቤቱ የሚነገረውም ላቲን አልነበረም። አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ የሩቅ አገር ቅኔ ቃል በቃል እየፈታ ተማረ። ኡልፓን የገባችሁ ሁሉ ያን ደብተር ታውቁታላችሁ፤ በቀኝ በኩል ዕብራይስጡ፣ በግራ በኩል አማርኛው።

በእኛም በኩል ያው ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ድሉን በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ ከግዕዙ ጎን በግሪክኛም አስጽፏል። የአክሱም የወርቅ ገንዘብ የግሪክኛ ጽሑፍ ነበረበት። የግዕዙ ኦሪት ራሱ የተተረጎመው በእስክንድርያ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ከተመለሰው መጽሐፍ ነው። ይህን የምናነሣው ልጅቷን በጓሮ በር ዞረን ወደ ግዕዝ ልንመልሳት አይደለም፤ የገዛ አባቶቻችንም የሌላውን ቋንቋ መማር እንዳላሳፈራቸው ለማሳየት ነው።

በአሜሪካን አገር ዊልያም ሳንደርስ ስካርቦሮ የሚባል ሰው ነበረ። በ1852 በጆርጂያ ሲወለድ ሕጉ ባሪያ ይለው ነበር፤ ባሪያን ማንበብ ማስተማርም የተከለከለ ነበር። እርሱ ግን በድብቅ ፊደል ቆጠረ፤ በ1881 የግሪክኛ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው የእጅ ሙያ ይበቃዋል የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ለወገናቸው ከልብ የሚያስቡ አልጠፉም። የእጅ ሙያ ነውር የለበትም። ነውሩ «ይበቃዋል» የሚለው ላይ ነው።

ወደ አባትየው እንመለስ። ቤታቸው ሄደን ከመላው ቤተሰብ ጋር ተነጋገርን። ማሽካንታውን የሚከፍል ነገር ይዘን አልሄድንም፤ የያዝነው የምናውቀውን ያህል ነበር። እናንተም ቤት ይህ ጥያቄ ቢነሣ ይጠቅማችሁ ይሆናል። የማስተርስ ትምህርት የምርምር ጽሑፍ ያለበትና የሌለበት አለ፤ ዶክትሬት ለመቀጠል የሚያስፈልገው ያለበት ነው፤ የገንዘብ እርዳታም በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ነው። ከመመዝገብ በፊት በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲካን ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ ሳይጠየቅ የሚመጣ እርዳታ አላየንም። ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባግሩት ግዴታ ስለሆነ የማስተማር ምስክር ወረቀት የጨመረ ሰው ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ይህንንም ስንናገር ሀብት ያመጣል ብለን አልዋሸንም።

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ እናትየው ሁለት ጊዜ ቡና አፈሉ። በመጨረሻ የተስማሙት ልጅቷ በሳምንት ሦስት ቀን እንድትሠራ፣ ከደመወዟ ግማሹን ለቤት እንድታስገባና ትምህርቱን በሁለት ዓመት ፈንታ በሦስት እንድትጨርስ ነው። አባትየው አልተደሰቱም። «እሺ» ብቻ ነው ያሉት፤ እሺታቸውም ከባድ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ቤት ጎራ አልን። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የግሪክኛ ፊደል ዘርግታ ጮክ ብላ ታጠናለች፤ «አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ»። እናትየው ከወዲያ በኩል የኡልፓን ደብተራቸውን ይዘው፣ «ይኼማ የእኔው አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት አይደለም እንዴ?» አሉ። አባትየው ለሌሊት ሥራቸው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። በልጅነታቸው አንድ ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» አሉ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ እስቲ ድገመው» አለችው።