ቃልን በዘሩ ያዥው

ልጄ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ነውና ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት በፊደል ተራ እየገለበጥሽ ስትሸመድጂ አያለሁ። ትጋትሽ ደስ ይለኛል፤ አያያዝሽ ግን አያዛልቅም። በፊደል ተራ የተጠና ቃል ከላይና ከታች ካለው ጋር ዝምድና ስለሌለው ቶሎ ይጠፋል። ቃልን በዘሩ ያዥው።

እዚሁ ጋፋት እንጀምር። አጼ ቴዎድሮስ እዚህ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩትን የታላቁን መድፍ ስም ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ ሴባስቶፖል። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ የገነነው የወደብ ከተማ ስም ነው፤ ቃሉ ግን የግሪክ ነው። መጨረሻው «ፖሊስ» በግሪክ ከተማ ማለት ነው። ከእሱ ፖለቲክስ ወጣ፣ የከተማ አስተዳደር ነገር። ሜትሮፖሊስ እናት ከተማ ነው፤ ኮስሞፖሊታን ደግሞ ዓለም ሁሉ አገሩ የሆነ ሰው። ጸጥታ የሚያስከብረው ፖሊስም ከዚሁ ዘር ነው። አንዱን ስታውቂ አራት አገኘሽ ማለት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን የለመድሻቸው ቃላት ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። መነኩሴ፣ ቀኖና፣ ወንጌል፣ ኤጲስ ቆጶስ የግሪክ ቃላት ናቸው፤ ወደ ግዕዝ ገብተው እኛ ዘንድ ደረሱ፣ በላቲን በኩል ደግሞ እንግሊዝኛ ዘንድ። ኤጲስ ቆጶስን ፍቺው፦ «ኤፒ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች፤ ከላይ ሆኖ መንጋውን የሚጠብቅ። ከ«ስኮፖስ» ዘር ቴሌስኮፕ ሩቁን የሚያሳይ፣ ማይክሮስኮፕ ረቂቁን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ከ«ኤፒ» ደግሞ ኤፒደርሚስ የላይኛው ቆዳ፣ ኤፒደሚክ በሕዝብ ላይ የሚዛመት በሽታ። በባዮሎጂ መጽሐፍሽ የሚያስፈራሽ ቃል ግማሹን ከቅዳሴ ታውቂዋለሽ።

ነገር ግን በመልክ ብቻ አትፍረጂ። ሞኖፖሊ የሚለውን ያየ ሰው «ፖሊ»ውን ከከተማው ጋር ሊያዛምደው ይቃጣዋል። አይደለም፤ ይኸኛው መሸጥ ከሚል የግሪክ ግስ የመጣ ነው፤ ሞኖፖሊ ብቻን መሸጥ ማለት ነው። «ሞኖ» ግን፣ አንድ ወይም ብቸኛ ማለት ስለሆነ፣ የመነኩሴ ዘመድ ነው። በፖሊጎን ውስጥ ያለው «ፖሊ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙ ማለት ነው። ስለዚህ የቃሉን ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ሳታዪ አታዛምጂ።

የቅኔ ቤት ተማሪዎቻችን ግስ ሲያወርዱ አንዱን ግስ ከነርባታው ነው የሚይዙት፤ እኔም ለእንግሊዝኛ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ቋንቋውን እንደ ባዕድ ምሽግ አትፍሪው። ብዙው ሀብቱ የብድር ነው፤ ከእኛም ወስዷል። ጤፍና እንጀራ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አሉ። የጭላዳ ዝንጀሮም እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ሩፐል ለሳይንስ ካስተዋወቀው ወዲህ ጌላዳ በሚል የአገራችን ስም ይጠራል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ያወቅሽውን ከባድ ቃል ድርሰትሽን ለማስጌጥ አታፍስሺው። ቀላሉ የሚበቃበት ቦታ ላይ ቀላሉን ጻፊ።

ያን የፊደል ተራ ደብተር ዝጊና በዘር የተከፈለ አዲስ ደብተር ክፈቺ። በየዘሩ ሥር ቃሉን፣ ያገኘሽበትን ዓረፍተ ነገርና አንቺ ራስሽ የሠራሽውን አስፍሪ። ፈተናው ሳይደርስ ዛሬ ማታ ጀምሪ።